ለራስ የሚጨመቅ አንድ ብርጭቆ፦ የአትክልት ጁስ አሠራር ቀልብ ከመሰብሰብ ጋር

ጎንደር ላይ «ዛሬ ራሴን ልንከባከብ ነው» ብትሉ መጀመሪያ የሚመጣባችሁ ጥያቄ «ምነው፣ አመማችሁ እንዴ?» ነው። ጤነኛ ሰው ለራሱ ጊዜ ሲሰጥ ማየት አልለመድንም። ለለቅሶ፣ ለሰርግ፣ ለማኅበር፣ ለታመመ ጎረቤት ጊዜ አናጣም። ይሄ መልካም ነው፣ ይቅር የሚል የለም። ራሳችን ስንደክም ግን ለራሳችን የምንሰጠው መልስ «ምን ሆኜ ነው ደግሞ!» የሚል ቁጣ ነው።

ይህ መመሪያ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። በእጃችሁ የአትክልት ጁስ ትሠራላችሁ፣ እየሠራችሁም ቀልባችሁን ትሰበስባላችሁ። ሁለቱ አንድ ላይ ነው የሚሄዱት።

አንድ ነገር አስቀድመን እንጨርስ። ጁሱ መድኃኒት አይደለም። ቲክቶክ ላይ «መርዝ ያወጣል፣ ደም ያጠራል» የሚሉትን ተዉት፤ ያንን ሥራ ጉበትና ኩላሊት ሌት ተቀን በነጻ ይሠሩታል። «ቀይ ስር ደም ይሆናል» የሚባለውም ከቀለሙ የመጣ ይመስለኛል እንጂ በውስጡ ያለው ብረት ትንሽ ነው፣ ምስር ይበልጠዋል። ታዲያ ለምን ጁስ? ሥራው እጅ ስለሚይዝ ነው። ዓይን ጨፍኖ ዝም ብሎ መቀመጥ ለጀማሪ ከባድ ነው፤ ሐሳብ ወዲያው ወደ ቤት ኪራይና ወደ ትናንት ጭቅጭቅ ይሮጣል። ካሮትና ቢላዋ የያዘ ሰው ግን ሐሳቡ ቢሄድበትም የሚመልስበት ነገር ፊቱ አለ።

1. ገበያ

ቅዳሜ ገበያ በጠዋት ውጡ፣ ፀሐይ አትክልቱን ሳታጠወልገው። ብዙ አትግዙ። ለአንድ ሰው ለሁለትና ለሦስት ቀን የሚሆን ይበቃል፤ ማቀዝቀዣ ከሌላችሁ ደግሞ ለዕለቱ ብቻ።

ካሮት ሲሰበር ቀጭ ማለት አለበት። እንደ ገመድ የሚተጣጠፈው ሰንብቷል፣ ጭማቂም አይወጣውም። አናቱ አረንጓዴ የሆነው ይመራል፣ ወይ ተዉት ወይ አናቱን ቁረጡት። ቀይ ስር መካከለኛውን ወይ ትንሹን ምረጡ፤ በጣም ትልቁ ውስጡ እንጨት እንጨት ይላል። ዝንጅብል ጠንካራ ይሁን፣ ቆዳው የተጨማደደው ደርቋል። ሎሚ በእጅ ሲመዘን ከበድ የሚለው ነው ጥሩው። ኪያር ስትገዙ ጫፉ ሊመር ስለሚችል ቤት ስትደርሱ ቅመሱት።

እዚሁ ገበያ ላይ የመጀመሪያውን ልምምድ ጀምሩ። ስልካችሁን ኪስ ውስጥ ተዉት። አንድ መደብ ፊት ቆማችሁ ቀለሙን እዩ፣ አንዱን አንሡ፣ አሽትቱ። አፈሩ የሚሸተው ሽታ፣ የቅጠሉ ቅዝቃዜ፣ ከኋላ የሚጮኸው ተሸካሚ፣ ሁሉንም ሳትፈርዱበት ልብ በሉ። ግማሽ ደቂቃ ይበቃል። ሻጯ «ትገዛላችሁ ወይስ ታያላችሁ?» ካለቻችሁ ግዙ፣ ልምምዱ አልቋል።

2. ውሃና እጥበት

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፣ ምክንያቱም ጁሱ እሳት አያየውም። ወጥ ቢሆን እሳቱ ይጨርሰው ነበር። ጥሬ አትክልት በወንዝ መስኖ ያደገ ሊሆን ይችላል፣ መሬት ላይ ተዘርግቶ ውሏል፣ ስንት እጅ ነክቶታል። አሜባ፣ ታይፎይድ፣ የወስፋት እንቁላል፣ ሁሉም በዚሁ መንገድ ነው የሚገቡት። ራሴን ልውደድ ብሎ ተነሥቶ ሳምንት ሙሉ ሆድ ይዞ መተኛት አያስቅም።

ውሃውን ማታ አፍሉት። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ93 አካባቢ ነው። ስለዚህ እንደ ቆላው አገር አንድ ደቂቃ አይበቃም፤ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ቁጠሩለት። ከዚያ ክዳኑ እንዳለ ይቀዝቅዝ። ማፍላት ካልተመቻችሁ ውሃ አጋር በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን ጨምሩና 30 ደቂቃ ጠብቁ። ውሃው የደፈረሰ ከሆነ መጀመሪያ በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉት፣ አለበለዚያ መድኃኒቱ በደንብ አይሠራም። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ያላችሁ ሰዎች የጀሪካኑን አፍም እጠቡ፣ ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነው።

እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ከዚያ አትክልቱን ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፎ ማንሣት ሳይሆን፣ በጆግ እያንቆረቆራችሁ በብሩሽ ወይም በእጅ እሹት። መጀመሪያ እጠቡ፣ ቀጥሎ ላጡ፣ ከዚያ በፈላውና በቀዘቀዘው ውሃ አለቅልቁት። ብዙ ሰው ሳያጥብ ይልጣል። ያን ጊዜ ቢላዋው የላዩን ቆሻሻ ይዞ ወደ ውስጥ ይገባል።

አቼቶ ውስጥ መዘፍዘፍስ? ይረዳል፣ ግን ሁሉንም አይገድልም። የወስፋት እንቁላል በተለይ ግትር ነው። የእኔ ሕግ ቀላል ነው፦ የሚላጥ ነገር ይላጣል። እንደ ቆስጣ ያለ ቅጠል ደግሞ በሚንተከተክ ውሃ ውስጥ ሁለት ደቂቃ ገብቶ ይወጣል፣ ውሃውም ይደፋል። ቀለሙ እንዲያውም ያምራል። መክተፊያውና ቢላዋውም ትናንት ሥጋ የተቆረጠበት አይሁን።

እጥበቱ ላይ ቀልባችሁን የምታሳርፉት ውሃው ላይ ነው። ቅዝቃዜው ጣታችሁ ላይ፣ ድምፁ ሳፋው ላይ። ሐሳባችሁ ይሄዳል፣ መሄዱ አይቀርም። ሲሄድ ስታገኙት «ሄደ» በሉና ወደ ውሃው መልሱት። አትቆጡት። መቶ ጊዜ ቢሄድ መቶ ጊዜ መልሱት፣ ልምምዱ መመለሱ ነው እንጂ አለመሄዱ አይደለም።

3. ከመቁረጥ በፊት ቁጭ በሉ

በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ሁለቱም እግር መሬት ይንካ፣ ትከሻ ይውረድ። በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠራችሁ ሳቡ፣ እስከ 6 እየቆጠራችሁ ቀስ ብላችሁ አውጡ። አሥር ጊዜ። የሚወጣው ትንፋሽ ከሚገባው ሲረዝም የልብ ምት ረገብ ይላል። ማዞር ከጀመራችሁ ቁጥሩን ተዉትና እንደ ወትሮው ተንፍሱ።

ጎንደር ጠዋት ጸጥ አትልም። ከአንዱ አቅጣጫ ቅዳሴ፣ ከሌላው አዛን፣ በመሐል ባጃጅ፣ ከጎረቤት የቡና ሙቀጫ። «ጸጥታ ከሌለ አይሆንም» የሚል ካላችሁ ዕድሜ ልካችሁን ትጠብቃላችሁ። ድምፁን አባርሩት አላልኩም፣ አድምጡት። ይመጣል፣ ይሄዳል።

4. መጭመቅ

የምጀምርላችሁ በቀዩ ነው፦ አራት መካከለኛ ካሮት፣ የአንድ ትንሽ ቀይ ስር ግማሽ፣ የአውራ ጣት ግማሽ የሚያህል ዝንጅብል፣ ግማሽ ሎሚ፣ ግማሽ ብርጭቆ የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ። ስኳር የለም። ጁስ ቤት ካለው በማንኪያ ከሚበላው ስፕሪስ ጋር አታወዳድሩት፣ ይሄ ሌላ ነገር ነው። ቀይ ስር አፈር አፈር ይላል፤ ሎሚና ዝንጅብሉ ለዚያ ነው የገቡት። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትጠጡ ከሆነ ቀይ ስሩን ሩብ አድርጉት።

ብሌንደር ካላችሁ በትንንሹ ቆርጣችሁ ከውሃው ጋር ፍጩት፣ ከዚያ በማጥለያ አጥልሉት። ብሌንደር ከሌላችሁ ወይም መብራት ከጠፋ፣ ያው እንደሚጠፋው፣ ካሮቱንና ቀይ ስሩን በመፈቅፈቂያው ደቃቅ ጎን ፈቅፍቁት። ዝንጅብሉንም እንዲሁ። ውሃውን አፍስሱበትና አምስት ደቂቃ ይቀመጥ። ከዚያ በፈላ ውሃ የተነከረ ንጹሕ የነጠላ ቁራጭ ውስጥ አድርጋችሁ አፉን ጠምዝዛችሁ ጨምቁት። ሎሚው መጨረሻ ላይ ይገባል። በእጅ የሚወጣው ጭማቂ ከማሽኑ ያንሳል፣ ግን ለእኔ የእጁ ይሻላል። ማሽኑ በአንድ ደቂቃ ያልቅና ቀልብ ለመሰብሰብ ጊዜ አይሰጥም።

ስትፈቀፍቁ ዓይናችሁ ጣታችሁ ላይ ይሁን፣ ለቀልብም ለጣትም።

5. «እኔን!» ማለት

እየጨመቃችሁ የምታደርጉት ይሄ ነው። ለብዙ ሰው ከባዱ ክፍል ነው፤ አንዳንዱ ያፍራል፣ በተለይ ወንዶች።

መንገድ ላይ የማናውቀው ልጅ ቢደናቀፍ ከአፋችን የሚወጣው «እኔን!» ነው። የታመመን «አይዞህ፣ እግዜር ይማርህ» እንላለን። ያዘነችን ጓደኛ «አይዞሽ እህቴ፣ ያልደረሰበት የለም» እንላለን። ይሄ ቃል አፋችን ላይ ሞልቷል፣ አንድ ሰው ብቻ አይደርሰውም። እንግዲህ በራሳችሁ ስም ጥሩና ለራሳችሁ በሉት። ድምፅ አውጥታችሁ ብትሉት ይሻላል፣ ቤት ውስጥ ሰው ካለ በልባችሁ።

በደፈናው አይሁን። ትናንት ራሳችሁን የሰደባችሁበትን አንድ ነገር አንሡ። ለምሳሌ ልጅ ላይ ጮኻችኋል፣ ወይም የቢሮ ሥራ ተበላሽቶባችሁ ውስጣችሁ «ደደብ» ብሏችኋል። አሁን ያንኑ ታሪክ እህታችሁ መጥታ ብትነግራችሁ ምን ትሏት ነበር? «ደደብ» ነበር የምትሏት? ለእሷ የምትሉትን ያንኑ ቃል ለራሳችሁ በሉት።

ክሪስቲን ኔፍ የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ በፈረንጆቹ 2003 ለራስ መራራትን በሦስት ከፍላ ጽፋለች፦ ለራስ ደግ መሆን፣ መከራው የሰው ሁሉ መሆኑን ማወቅ፣ ሕመሙን ሳያጋንኑና ሳይሸሹ እንዳለ ማየት። ሁለተኛውን እኛ «ያልደረሰበት የለም» እያልን ስንኖርበት ቆይተናል። የሚጎድለን ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ነው።

ይህ ጥፋትን ማለባበስ አይደለም። ልጁ ላይ የጮኸ ሰው ልጁን ይቅርታ መጠየቅ አለበት። ግን ራሱን ሲደበድብ የዋለ ሰው ማታ ደግሞ ልጁ ላይ ይጮኻል፣ ይሄን በየቤታችን የምናየው ነው። ሐዘኑ ከሳምንታት በላይ ከከበደ፣ እንቅልፍና ምግብ ከጠፋ፣ ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን ጁስና ትንፋሽ አይበቃም። ሐኪም ዘንድ ሂዱ፣ ጸበልም የምትጠመቁ ከሆነ ሁለቱን አብራችሁ አስኪዱት።

6. አጠጣጡ

ቡፌ ውስጥ ለእንግዳ የተቀመጠውን ብርጭቆ አውጡ። አዎ፣ ያንን። ቆማችሁ ወጥ ቤት ውስጥ አትጠጡ፤ ተቀመጡ።

አሜሪካዊው ጆን ካባት-ዚን በፈረንጆቹ 1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው የ8 ሳምንት ቀልብ የመሰብሰብ ሥልጠና ውስጥ አንድ ታዋቂ ልምምድ አለ፦ ሰልጣኙ አንዲት ዘቢብ ይዞ ያያታል፣ ያሸታታል፣ አፉ ውስጥ ያቆያታል፣ ከዚያ ነው የሚያኝካት። በጁሱም እንደዚያው አድርጉ። ቀለሙን እዩ። አሽትቱ፣ ዝንጅብሉ ይቀድማል። የመጀመሪያውን ጉንጭ ወዲያው አትዋጡት፤ ካሮቱ የት ላይ እንደሚጣፍጥ፣ ሎሚው የት ላይ እንደሚቆመጥጥ፣ ዝንጅብሉ ጉሮሮ ላይ መቼ እንደሚደርስ ተከታተሉት። እስከ ሦስተኛው ጉንጭ እንዲህ ከሄዳችሁ ይበቃል፣ ከዚያ በኋላ እንደፈለጋችሁ ጠጡ።

ከጎኑ ጥቂት ለውዝ ወይም የተቀቀለ እንቁላል ብሉ፣ ጾም ከሆነ ለውዙን ወይም ሱፉን። ካሮት ውስጥ ያለው ቤታ ካሮቲን ሰውነት ውስጥ በደንብ የሚገባው ቅባት ሲያገኝ ነው። ሎሚው ደግሞ ከምስርና ከጤፍ የሚገኘውን ብረት ለመሳብ ያግዛል፣ ስለዚህ ጁሱን ከምሳ ጋር ማድረግም አሪፍ ነው። ቡና ተቃራኒውን ነው የሚያደርገው፤ ከምግቡ አንድ ሰዓት ገደማ ብታርቁት ይመረጣል። ቡናውን ተዉ አላልኩም፣ ጎንደር ላይ ቁጭ ብዬ ይሄን አልልም።

ሌሎች ሁለት ዓይነቶች

አረንጓዴው፦ አንድ የተላጠ ኪያር፣ ሁለት ደቂቃ የተቀቀለ አራት ቅጠል ቆስጣ፣ ግማሽ ሎሚ፣ ትንሽ ዝንጅብል፣ ካገኛችሁ እንደ ቆስጣው ታጥቦ በሚንተከተክ ውሃ ገብቶ የወጣ ናና። ይህኛው ያለ ብሌንደር አይሆንም።

የቲማቲሙ፦ ከፎገራ የሚመጣው ቲማቲም በሚረክስበት ሰሞን አራት ቲማቲም በፈላ ውሃ ውስጥ ሁለት ደቂቃ አቆዩ፣ ቆዳው በእጅ ይላቀቃል። ከአንድ ካሮት፣ ከቁንጥር ጨውና ከሩብ ቃሪያ ጋር ፍጩት፣ ጥቂት ጠብታ ዘይት ጣሉበት። ሚጥሚጣ አትጨምሩ ብል የሚሰማኝ እንደሌለ አውቃለሁ።

ለማን አይሆንም?

ኩላሊት ያመመው ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይጀምር፤ አትክልት ፖታሲየም አለው፣ ቀይ ስርና ቆስጣ ደግሞ ጠጠር የሚሠራ ኦክሳሌት አላቸው። ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ የምትወስዱ ቆስጣ በድንገት አታብዙ፣ የመድኃኒቱን ሥራ ያዛባል። የደም ግፊት ኪኒን የምትወስዱም ልብ በሉ፣ ቀይ ስር ግፊት በጥቂቱ ይቀንሳል፤ ኪኒኑን ግን በጁስ መተካት የለም። ስኳር ያለበት ሰው አትክልቱን ባይጨምቀው፣ እንዳለ ቢበላው ይሻለዋል። ሲጨመቅ አሰሩ (ፋይበሩ) ይቀርና ስኳሩ ደም ውስጥ ቶሎ ይገባል። ነፍሰ ጡሮችና ትንንሽ ልጆች ጥሬ ጁስ ላይ ቢጠነቀቁ ጥሩ ነው። ጨጓራ ያለባችሁ ሎሚና ዝንጅብሉን አውጡት፣ በባዶ ሆድም አትጠጡት።

ቀይ ስር በጠጣችሁ ማግስት ሽንት ወይም ሰገራ ቀላ ቢል አትደንግጡ፣ ቀለሙ ነው። ካሮት ለሳምንታት በጣም ያበዛ ሰው መዳፉ ቢጫ ሊሆን ይችላል፣ ሲቀንስ ይመለሳል። በቀን አንድ ብርጭቆ በቂ ነው። በየቀኑ ካልሆነ ብላችሁም አትጨነቁ፣ በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ በቀልብ የተሠራ ይበልጣል።

ጾም፣ እንግዳ፣ የተረፈ

ጾመኛ ከሆናችሁ ጁሱ የጾም ነው፣ ሰዓቱን ግን ጠብቁ። እስከ ቅዳሴ መውጫ ወይም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትቆዩ ሰዎች ሥራውን ከሰዓት አድርጉት። የረዘመ ባዶ ሆድ ላይ ሎሚ መጀመሪያ አይግባ፣ ትንሽ ነገር ቅመሱ። ጠዋት የትንፋሹን ክፍል ብቻ ማድረግ ትችላላችሁ።

በመሐል ጎረቤት ብቅ ካለች ብቻችሁን ልትጠጡ አይሆንላችሁም፣ እኔም ጠጡ አልልም። ግን ብርጭቋችሁን አሳልፋችሁ አትስጡ። መፈቅፈቂያውን አቀብሏት፣ የራሷን ትፈቅፍቅ።

ጭማቂው የወጣለት ካሮትና ቀይ ስር አይጣልም። ከሽንኩርትና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ጠበስ ጠበስ አድርጉትና በእንጀራ ብሉት፣ ወይም የዳቦ ሊጥ ውስጥ ጨምሩት፤ የቀረው አሰር እዚያ ውስጥ ነው ያለው። ጁሱን ወዲያው ጠጡት። የግድ ከተረፈ በተከደነ ብርጭቆ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይግባ፣ ከ24 ሰዓት በላይ ግን አይቆይ፤ መብራት ጠፍቶ ካደረ ድፉት። ማጥለያውንና ጨርቁን ወዲያው እጠቡ፣ ከደረቀ አይለቅም። እጃችሁ ላይ የቀረውን የቀይ ስር ቀለም የተጨመቀውን የሎሚ ልጣጭ በጨው ነክራችሁ እሹት።